ጠመንጃው ለደምለው፣ ማፍሰሻው ለአንለይ

ባለፈው ሰኔ የአክስቴ ልጆች የእናታቸውን ዕቃ ሲካፈሉ ሙቀጫው ለአንደኛዋ፣ ዘነዘናው ለሌላዋ ደረሰ። ከተቀመጠው ሰው አንዱ ያቺን የታወቀች አባባል ጣል አደረገና ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅሁም። ፊቴም ሳይጠቁር አልቀረም፣ «ምነው አንቺ፣ ሆድ ባሰሽ?» አሉኝ። አዎ፣ ባሰኝ። እኔ የሾላ አፋፍ ሰው ነኝ። አባባሏ የወጣችው ከእኛ መንደር ነው፤ የወጣችውም ደም ለማድረቅ ከተቀመጠ ሸንጎ ላይ ነው። ከየት እንደመጣች ሳያውቁ በየድግሱ የሚያላግጡባትን ስሰማ አንጀቴ ያርራል። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ልንገራችሁ። አባባሏን ግን አሁን አልጠራትም፤ አንድ ሽማግሌ የተናገሯት ቦታ ስንደርስ ትሰሟታላችሁ።

ሾላ አፋፍ ከዓባይ በረሃ ጫፍ ላይ ያለች መንደር ናት። ከላይ እርሻ ነው፣ ከታች ገደልና ቁጥቋጦ። በአያቶቻችን ጊዜ አያ ቢተው የሚባል ሰው ነበረባት፤ በመንደሩ ጠመንጃ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ጠመንጃው ውጅግራ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከተኮሱበት በኋላ ቀለሁን አውጥቶ ሌላ ጥይት ማጉረስ ያስፈልጋል። የዛሬ ሰው ጥይት እንዲሁ ተሠርቶ የሚመጣ ይመስለዋል። ያን ጊዜ ባዶ ቀለህ አይጣልም ነበር። ባሩድ ይሞላበትና አፉ ላይ አዲስ አረር ይገጠምበታል። አረሩን ደግሞ እቤት፣ እሳት ዳር ነው የሚያፈሱት።

ማፍሰሻው እንደ ጉጠት ያለ ብረት ነው። ሁለት እጀታ አለው፣ ሁለት ጉንጭ አለው፤ ጉንጮቹ ሲገጥሙ በመሃላቸው የአረሩን ቅርጽ የያዘ ባዶ ቦታ ይቀራል። የቀለጠውን እርሳስ እዚያ ያፈሱበታል፤ ሲረጋ ብረቱን ይከፍቱታል፣ አረሩም ዱብ ይላል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ብረቱ በደንብ ሳይግል ካፈሱበት አረሩ ይሸበሸባል፣ ይከሳል። ጉንጮቹ ጥብቅ ብለው ካልገጠሙ ደግሞ ይወፍራል። የከሳው ከጠመንጃው ሲወጣ አቅጣጫ አይዝም፤ የወፈረው ጭራሽ አይገባም።

የአያ ቢተው ማፍሰሻ አርጅቶ ማጠፊያው ላልቶ ነበር። ስለዚህ እርሳሱ በሚፈስበት ጊዜ እጀታውን ጨምቆ የሚይዝ ብርቱ እጅ ይፈልጋል። ያ እጅ የታላቁ ልጁ የደምለው ነበር። ደምለው ክንደ ብርቱ ነው፤ እሱ ከጨመቀው ጉንጮቹ አንድ ብረት ይመስላሉ። ታናሹ አንለይ ደግሞ ትዕግሥተኛ ነው። አረሩን ቀለሁ ላይ ይገጥምና አንድ ባንድ ጠመንጃው ውስጥ እያጎረሰ መዝጊያውን ይዘጋበታል። የዘጋለት ወደ ዝናሩ ይገባል፤ ያልዘጋለት አረሩ ተነቅሎ ተመልሶ ይቀልጣል። እናታቸው ይታይሽ ወናፉን ትነፋለች፣ አባትየው ያፈሳል። ደምለው የአንለይን ሥራ፣ አንለይም የደምለውን ሥራ ሠርተው አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ምድጃ ዳር የሚኖሩ መስሏቸው ነበር።

አያ ቢተው አንድ ቀን ከእርሻ ገብቶ «ደረቴን» አለና ተኛ። በዚያው ቀረ። ኑዛዜ የለ፣ ምን የለ። ጀግና ዝም ተብሎ አይቀበርም በሚል ደምለው በለቅሶው ላይ ያባቱን ጠመንጃ አንሥቶ እየፎከረ ተኮሰ። ዝናሩ እስኪራቆት ድረስ ተኮሰ። አልቃሹም «ቢተው ልጅ ወልዷል» እያለ አሞገሰው። ባዶ ቀለህ ይዞ ወደ ቤቱ መግባቱን ያሰበ ግን አልነበረም።

ከተዝካሩ በኋላ ወንድማማቾቹ ሊካፈሉ ተቀመጡ። መሬቱ ተለካ፣ በሬዎቹ ተለዩ፣ የንብ ቀፎው እንኳ አላጣላቸውም። ጠመንጃው ላይ ሲደርሱ ነገሩ ቆመ።

«ታላቅ እኔ ነኝ፤ ያባቱን ጠመንጃ የሚይዝ ታላቅ ነው» አለ ደምለው።

«አያ፣ ታላቅነትህን ማን ነካብህ?» አለ አንለይ። «እኔም ግን የቢተው ልጅ ነኝ። ሰው ሲሰበሰብ ጠመንጃ ያለው ይናገራል፣ የሌለው ያዳምጣል። እኔን ዕድሜ ልኬን አዳማጭ ልታደርገኝ ነው?»

ነገሩ እየከረረ ሲሄድ አባ ይርዳው ተጠሩ። አባ ይርዳው በማካፈል አገር ያወቃቸው ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ያካፈሉት ጸጉር አይበልጥም፣ ጸጉር አያንስም ይባልላቸዋል። ሩቅ አገር ድረስ በበቅሎ እየተወሰዱ ርስት አካፍለዋል። መጡና ጠመንጃውንም ማፍሰሻውንም ፊታቸው አስቀምጠው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ጠመንጃው ለደምለው፣ ማፍሰሻው ለአንለይ» አሉ። «ጠመንጃ ያለ አረር ዱላ ነው፤ ማፍሰሻም ያለ ጠመንጃ ጉጠት ነው። እንግዲህ አንዱ ካንዱ አይበልጥም። እናንተም እንዲህ ከሆነ ትፈላለጋላችሁ። አንዳችሁ ያለ ሌላው ስለማይሆንላችሁ ወዳችሁም ሆነ ተገዳችሁ እንደ ወንድማማች ትኖራላችሁ።»

ሸንጎው «ይበል» አለ። ይታይሽ ተነሥታ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመች። ሰውም ይህን ፍርድ ለብዙ ጊዜ እንደ ተአምር አወራው። እኔን ብትጠይቁኝ ሰውን በዕቃ አስሮ ወንድም ማድረግ አይቻልም። ግን ያኔ አልተወለድሁም፤ ብወለድስ ማን ይጠይቀኛል?

ብዙም ሳይቆይ ደምለው ወደ ወንድሙ ዘንድ ሄደ። ጠመንጃውን እቤቱ ትቶ ነው የሄደው።

«ማፍሰሻውን ለአንድ ቀን አውሰኝ» አለው።

«ለምን አብረን አናፈስም? ጠመንጃውን ይዘህ እኔ ቤት ና።»

«ጠመንጃዬን ተሸክሜ ያንተ ደጅ ልጠና?»

«አያ፣ ደጅ ጥና አላልሁህም። ማፍሰሻውን ከቤቴ ካወጣሁት እኔ ምን ቀረኝ?»

«ጠመንጃዬን እዚህ ካመጣሁትስ እኔ ምን ቀረኝ?»

በዚህ ተለያዩ። ሁለቱም የፈሩት ነገር አንድ ነው፤ አንዱ ሁለቱንም በእጁ ካስገባ አይመልስልኝም ብለው ነው። ፋሲካ መጣ፣ አልተገናኙም። የአንለይ ሚስት ወለደች፤ ደምለው ማርያም ማረችሽ ሊል አልመጣም። መንገድ ላይ ሲገናኙ አንደኛው በላይ፣ ሌላው በታች በኩል ያልፋል።

ይታይሽ ጎጆዋ በሁለቱ ቤት መካከል ነበር። አንዱ ቤት ከበላች ሌላው እንዳይከፋው እዚያም ሄዳ ትቀምሳለች። አንዱን ከመረቀች ሌላውንም ትመርቃለች። ደምለው ስለ አንለይ የተናገረውን ክፉ ቃል ለአንለይ አታደርስም፤ አንለይ የመለሰውንም ለደምለው አትነግርም። መንገድ ላይ ትውጠዋለች። «ምን አለ?» ሲሏት «ደህና ነህ ወይ ብሏል» ትላለች። እንዲህ እያለች መዋጥ ልማድ ሆነባት። እናት ናት፤ አልፈርድባትም።

በዚያው ዓመት ነብር መጣ። አርጅቶ ሚዳቋ ማሳደድ ያቃተው ነው ይላሉ። መጀመሪያ ፍየል ወሰደ፣ ቀጥሎ ጥጃ። ከዚያ እንጨት ልትለቅም ወደ ገደሉ የወረደች አንዲት ሴት ሳትመለስ ቀረች፤ ሲፈልጓት የተገኘው ነጠላዋና ጥቂት ነገር ነው። የመንደሩ ምንጭ ያለው ደግሞ ከገደሉ ሥር ነው። ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት መውረድ ፈሩ፤ ሳይወርዱ መዋልም አይቻልም። የደምለው ሚስት ትሁኔ እርጉዝ ነበረች፤ እሷም እንስራዋን አዝላ እዚያው ትወርዳለች።

ሰው ሁሉ ደምለውን ይመለከት ጀመር። ጠመንጃ ያለው እሱ ነዋ። ቀስ በቀስ ነገር ይወረውሩበት ያዙ። «ጠመንጃዋን ለሠርግ ነው ያስቀመጥኻት?» ይሉታል። ጥይት የለኝም እንዳይል፣ ያባቱን ጥይት ፎክሮ የጨረሰው እሱ ነው። ወንድሙን ለምኖ እንዳይጨምር፣ ኩራቱ አያስችለውም። የትሁኔ ወንድም ጫኔ ጦር ይዞ «እኔ አብሬህ እወጣለሁ» ሲለው ጊዜ ግን ማምለጫ አጣ። እናቱ ዘንድ ሄደና አጠገቧ ተቀመጠ።

«እማ፣ እኔ አልለምነውም» አላት። «አንቺ ብትሄጂ ግን አልከለክልሽም።»

ይታይሽ ሰማይ የተከፈተላት መሰላት። ነብሩን ሳይሆን እርቁን አየች። ያን ጊዜውኑ ተነሥታ አንለይ ቤት ሄደች።

«ወንድምህ በባዶ ጠመንጃ ነብር ላይ ሊወጣ ነው» አለችው። «ያባትህን ልጅ አውሬ ይብላው ካልህ ተቀመጥ።»

ማፍሰሻውን እንዲያውሰው ብትለምነው አንለይ ተነሥቶ እርሳሱን ከማድጋ ውስጥ አወጣ። «ማፍሰሻው ከዚህ ቤት አይወጣም፤ አረሩን አፍስሼ እሰጥሻለሁ» አለ። እሷም እንደ ድሮው ወናፉን ያዘች።

ባንድ እጁ እጀታውን ጨብጦ በሌላው ያፈስ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ተሸብሽበው ወጡ፤ መለሳቸው። ብረቱ እየጋለ ሲሄድ ጥሩ ጥሩ አረር ወጣ፣ ሁለቱም ደስ አላቸው። ነገር ግን የላላው ማጠፊያ የለመደው የደምለውን እጅ ነው። እየቆየ ሲሄድ የአንለይ ክንድ ደከመ፣ ጉንጮቹም በትንሹ ይከፈቱ ጀመር። አረሮቹ ዳርና ዳራቸው ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ክንፍ አወጡ። አንለይ ክንፉን በካራ እየላገ አስተካከላቸው። ሲያዩዋቸው ያምራሉ። እሱ ግን ልቡ አላረፈም። ልማዱ በጠመንጃው መሞከር ነው፤ ጠመንጃው ደግሞ የለም።

አረሮቹን በጨርቅ ቋጥሮ ለእናቱ ሲሰጣት እጇን ያዘ።

«እማ፣ አንድ ነገር ንገሪልኝ። እኔ ጠመንጃው የለኝምና ልካቸውን ማወቅ አልችልም። ቀለሁ ላይ ከገጠማቸው በኋላ አንድ ባንድ እያጎረሰ መዝጊያውን ይሞክርባቸው። ያልዘጋለትን ይመልስልኝ፣ ደግሜ አፈስለታለሁ።»

«እነግረዋለሁ።»

«እንዳትረሺ፣ እማ።»

«አረጀሁ እንጂ አልጃጀሁም፣ ልጄ» አለችውና ወጣች።

አልረሳችም። መንገዱን ሙሉ ስታስበው ነው የሄደችው። «ያልዘጋለትን ይመልስልኝ ብሏል» ብትለው ደምለው የሚለውን ታውቀዋለች። «እንደማይሆኑ እያወቀ ነው የላከልኝ? ደጁ ሊያመላልሰኝ ፈልጎ ነው» ይልና ቋጠሮውን ይወረውረዋል። ከዚህ ባነሰ ነገር ሲወረውር አይታዋለች። ደግሞስ አንለይ ያባቱን ማፍሰሻ ይዞ እንዴት ይሳሳታል? በልጆቿ እጅ ጥርጣሬ የላትም፤ የምትፈራው አፋቸውን ነው። የደምለው ደጅ ስትደርስ ቃሉን እንደ ሌሎቹ ቃሎች ሁሉ ውጣው ነበር።

«ምን አለ?» አላት ደምለው ቋጠሮውን ሲቀበል።

«ምን ይላል? ለወንድሜ ስጪልኝ አለ።»

«ሌላ ምንም አላለም?»

«በርታ ብሎሃል።»

ደምለው ፊቱን አዞረ። እንባውን እንዳታይበት ነው፤ አይታዋለች። ወዲያው ተቀምጦ ባሩዱን በየቀለሁ ሞላ፣ አረሮቹን ገጠመ። ሲጨርስ ጠመንጃውን አወረደና አንዱን ጥይት አጎረሰ። ገባ፤ መዝጊያውም ጥርቅም ብሎ ዘጋ። አውጥቶ ሁለተኛውን ሊያነሣ ሲል ይታይሽ ክንዱን ያዘችው።

በእኛ አገር እርቅ ይዞ የመጣ ሰው ያመጣው ነገር አይመረመርም። ማር ከሆነ ነውሩ አይጠየቅም፣ በግ ከሆነ ጥርሱ አይታይም። ተቀብለው ስመው ያስቀምጡታል። ከመረመሩት እርቁን አልፈልግም እንደማለት ነው።

«የወንድምህን እጅ ትመረምራለህ?» አለችው። «እኔ እናትህ ተሸክሜ ያመጣሁትን? ይኸው ዘጋልህ አይደል?»

ደምለው አፈረ። «እውነትሽን ነው» አለ። ጥይቶቹን አንድ ባንድ ዝናሩ ውስጥ ሰካቸውና ዝናሩን ስሞ ታጠቀው። ያን ቀን ይታይሽ እንደ ልጃገረድ እየቀለላት ወደ ጎጆዋ ገባች። ልጆቼ ታረቁ ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

በማግስቱ ጠዋት ደምለውና ጫኔ ወደ ገደሉ ወረዱ። ነብሩን ከምንጩ በላይ፣ አለት ላይ ተኝቶ አገኙት። ደምለው ተንበርክኮ ተኮሰ፤ ያን የዘጋውን ጥይት ነው የተኮሰው። አረሩ ጎኑን መታው። ነብሩ ከአለቱ ተንከባለለና ተነሣ። ደምለው ቀለሁን አውጥቶ ሌላ አጎረሰ። ጥይቱ ገባና ጫፉ ላይ ቆመ፤ መዝጊያው አልዘጋም። በመዳፉ መታው። አልዘጋም። እሱን ነቅሎ ሌላ እስኪያነሣ ነብሩ ደርሶ ነበር።

ጫኔ ነብሩን በጦር ገደለው፤ ግን የገደለው ዘግይቶ ነው። ደምለው አንገቱና ደረቱ ተዘልዝሎ ነበር። ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነው የተናገረው። ጫኔ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማው።

«አልዘጋልኝም... ወንድሜ በላኝ።»

በቃሬዛ ወደ መንደር ሲያወጡት መንገድ ላይ ሞተ።

የሟች ቃል ነውና ነገሩ እንደ እሳት ተዛመተ። አንለይ መርዶውን ሰምቶ ራሱን እየመታ ሲመጣ የትሁኔ ወንድሞች ከቤተ ክርስቲያኑ በር መለሱት። ወንድሙ ሲቀበር አፈር እንዲያለብስ አልፈቀዱለትም። ውጭ፣ ከቅጥሩ ጀርባ ቆሞ ነው የቀብሩን ለቅሶ የሰማው። ይታይሽ ከውስጥ ሆና የሱን ድምፅ ስትሰማ ሁለት ጊዜ ወደቀች።

ከሣልስቱ በኋላ ሸንጎ ተቀመጠ፤ አባ ይርዳው መሃል ሆኑ። ጫኔ የደምለውን ጠመንጃና ዝናር ይዞ ቀረበ። አንለይ ማፍሰሻውን እንዲያመጣ ታዞ ስለነበር እግሩ ሥር አስቀምጦታል። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ አንለይ አውቆ ካደረገው የሱ ደም በደምለው ደም ፋንታ ይጠየቃል።

«እኛ ብዙ የምንለው የለም» አለ ጫኔ። «ሟቹ ራሱ ተናግሯል። ይህ ሰው ማፍሰሻው በእጁ ነው፣ አረሩን ያፈሰሰው እሱ ነው። ሁላችሁም እዩ።»

ከዝናሩ አንድ ጥይት አወጣና አጎረሰ። መዝጊያው አልዘጋም። ሌላ አወጣ። አልዘጋም። ሦስተኛውን ሲያነሣ አባ ይርዳው በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ ይበቃል ማለታቸው ነው። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንለይ ዓይኑን ከመዝጊያው ላይ አልነቀለም።

«ምን ትላለህ?» አሉት አባ ይርዳው።

«አረሩን ያፈሰስሁት እኔ ነኝ» አለ አንለይ። «ወፍሯል፤ አሁን በዓይኔ አየሁ። ግን ልኩን ሳይሞክር እንዳይዘው ብዬ ልኬበት ነበር።»

«በማን ላክህ?»

አንለይ ጎንበስ ብሎ ማፍሰሻውን አየ።

«ስሙን ጥራ እንጂ፣ ልጄ። የላከኸው ሰው ከመሰከረልህ ነፃ ትወጣለህ። ካልመሰከረልህ እኔም አላድንህም።»

«አልጠራም።»

«ቃል ስለሌለህ ነው» አለ ጫኔ። «በማንም አልላክህም።»

«ይሁን፤ በማንም አልላክሁም በሉ» አለ አንለይ። «የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

ከሴቶቹ መካከል ይታይሽ ተነሣች። ሰው ያዛት፣ አስለቀቀችው። መቀነቷን አጥብቃ፣ ጥቁር ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ መሃል ገባች።

«በእኔ ነው የላከው» አለች። «አንድ ባንድ ይሞክራቸው፣ ያልዘጋለትን ይመልስልኝ ብሎኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ነው የነገረኝ። እኔ ዋጥሁት። ደምለውም ሊሞክር ነበር፤ እጁን የያዝሁት እኔ ነኝ። የወንድምህን እጅ ትመረምራለህ ብዬ አሳፈርሁት። እንዲታረቁልኝ ነው። ሌላ ምን ነበረኝ? ልጄን ነብር አልበላውም፣ ወንድሙም አልበላው፤ እኔ ነኝ የበላሁት። አሁን ደግሞ ይሄኛውን ልታስበሉኝ ነው?»

አንለይ ተነሥቶ አፏን በእጁ ሊሸፍን ሞከረ። «እማ፣ ተይ። ለምን ትናገሪያለሽ?» ይላታል። ደግሞ ዞሮ ለሰዉ፣ «እሺ፣ እናንተስ ሰማችሁ። ለሱ ማን ይነግርልኛል? ወንድሜ በላኝ ብሎ ነው የሄደው» እያለ አለቀሰ። ሸንጎው ውስጥ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም ይላሉ።

ጫኔ ጠመንጃውን መሬት ላይ አኖረው። እናትን ደም መጠየቅ አይቻል፤ አንለይንም ከዚህ በኋላ እንዴት ይግደሉት? ግን እህቱ እርጉዝ ሆና ባሏን ቀብራለች፣ እሱም በባዶ እጁ ሊመለስ አልፈለገም።

«አባ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «እርስዎ በማካፈል አገር ያወቀዎ ሰው ነዎት። እንግዲህ ጥፋቱን ያካፍሉን። ለእናትየው ምን ያህል፣ ለአንለይ ምን ያህል፣ ለሟቹ ምን ያህል እንደሚደርስ ይንገሩን፤ እኛም በዚያው እንታረቃለን።»

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞረ። አባ ይርዳው ትሁኔን አዩ፣ ሆዷን አቅፋ ተቀምጣለች። መሬት የተቀመጠውን ጠመንጃ አዩ፤ አንለይ እግር ሥር ያለውንም ማፍሰሻ አዩ። ከዚያ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ሄደውም በይታይሽ ፊት ተንበረከኩ። በዚያ ዕድሜ ሽማግሌ ለሴት ሲንበረከክ ያየ ስለሌለ ሰው ሁሉ ብድግ አለ።

«እኔ ከዛሬ ጀምሮ የማካፍለው የለኝም» አሉ ከተንበረከኩበት ሳይነሡ። «ያን ቀን ሁላችሁም ይበል አላችሁኝ፤ እኔም ጸጉር አላዛነፍሁም ብዬ ኮርቼ ቤቴ ገባሁ። ጥፋቱ የማን ነው ካላችሁኝ መጀመሪያ ከእኔ ጀምሩ፤ ከዚህ ወዲያ የቢተውን ልጆች የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ግን ይህን ብቻ ንገሩት፦ እኩል ተካፈሉ፣ እኩል ጎደሉ።»